ጠርሙስ የሚሰማበት ሸክላ

ቴክሳሳዊው ገጣሚና ድምፃዊ ታውንስ ቫን ዛንት እ.ኤ.አ. በጁላይ 1973 በሂውስተን ኦልድ ኳርተር በተባለች ጠባብ መጠጥ ቤት ያስቀረጸው፣ በ1977 የወጣው ጥንድ ሸክላ አድማጭን ዛሬም ያከራክራል። አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ነው። «ይረዝማል፣ ይሰለቻል» የሚሉ አሉ፤ የጠርሙሱ ኳኳታ፣ በዘፈን መካከል የሚያወራው ቀልድም ይረብሻቸዋል። አይፈረድባቸውም።

እኔ ግን ያን ቅጂ እጅግ እወደዋለሁ። «ፓንቾ ኤንድ ሌፍቲ» የተባለው ዘፈኑ ስቱዲዮ ውስጥ ሲቀረጽ ትራምፔትና ሌላም አጃቢ ተደርቦበታል። በዚህ ሸክላ ላይ ግን አውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር ምት ሳያዛንፍ ሲመታ፣ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ሲለቅሙ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከግጥሙ አንዲት ቃል አታመልጥም። ይህ ቅጂ ባይኖር፣ ድምፁ በኋለኞቹ ዓመታት ከመጎዳቱ በፊት በሰው ፊት ብቻውን ሲጫወት እንዲህ አድርገን ከየት እንሰማው ነበር?