ወረራ፦ የሰንጠረዥ መክፈቻ ጥበብ ሲመረመር

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት አዳራሽ ጨዋታ ነበር። ከዓለም አቀፉ ቼዝ ጋር ዘሩ አንድ ቢሆንም፣ ወረራ በተባለው መክፈቻው ፈጽሞ ይለያል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን መልሶ ሊለውጥ ይችላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በየተራ ይጫወታሉ።

ሰንጠረዥን በጽሑፍ ካስተዋወቁት የውጭ ሰዎች አንዱ የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን በ1860 እ.ኤ.አ. በጎንደር አቅራቢያ ቆስሎ ተማረከ፤ በከተማዪቱም ሞተ። የጉዞ ማስታወሻው በ1868 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. የጨዋታውን ታሪክና ሕግ የሚያጠና ጽሑፍ አውጥቷል።

ወረራ ላይ ላዩን ለሚያየው ግርግር ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ሲመረመር ግን ማስተዋልን የሚፈትን ጥበብ ነው። የቸኮለ ዕቅዱን ለባላጋራው ይገልጣል፤ የዘገየ ሜዳውን ይነጠቃል። ቀድሞ የበላም የባላጋራውን ብቻ ሳይሆን የራሱንም አሰላለፍ የማስተካከያ በር ይዘጋል። ስለሆነም የመጀመሪያዋ መብል የጥቅም ብቻ ሳትሆን የውሳኔ ሰዓት ናት።

በዘመናዊው ቼዝ መክፈቻ በአብዛኛው በቃል የሚጠና ትምህርት ሆኗል። የ1972ቱ የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር በ1996 እ.ኤ.አ. የኋላው ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ እንዲደረደሩ ሐሳብ ያቀረበው ይህን ሽምደዳ ለመስበር ነበር። ወረራ ግን ያለ ዕጣ፣ በተጫዋቾቹ ዓይንና እጅ ብቻ ከሽምደዳ ነጻ ነበር።

የድሉም ውበት በሚዛን ይታይ ነበር። በኃይለኛው ደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መውጫ ማሳጣት ብዙ አያስመሰግንም፤ አቅማቸው አነስተኛ በሆኑት በፈርዝ ወይም በፊል የተገኘ ድል ይበልጥ ይከበራል። የመኳንንት መዝናኛ የነበረ ጨዋታ ደካማውን ጠጠር ማክበሩ ልብ ሊባል ይገባል።

የዛሬው ችግር ወረራን በመጽሐፍ ብቻ ማቆየት አለመቻሉ ነው። ተራ የሌለውን ጨዋታ በተራ ቁጥር መመዝገብ አይቻልም፤ እውቀቱ በተጫዋቾች እጅ ይኖራል፣ ከእነርሱም ጋር ይጠፋል። ሰንጠረዥ በአንድ ቀለም ጨርቅ ላይ መስመር ተሰምሮ ይሠራ ስለነበር ወጪው እምብዛም ነው። የጎንደር መምህራንና የባህል ሠራተኞች ሕጉን ከጥናቱ አውጥተው ወጣቶችን ፊት ለፊት ቢያስቀምጡ፣ የወረቀቱ እውቀት ዳግመኛ የእጅ ጥበብ ይሆናል።