ከንግግሩ በኋላስ?

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል ያገራችን ሰው። ከባድ አባባል ነው፤ ለቃል ሲባል ልጅን እስከመክፈል ይደርሳል። የዛሬው ወጋችን ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ንግግር ነውና ይህን ተረት በልባችን ይዘን እንቀጥል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ጆን ኬኔዲ በጥር 1961 በበዓለ ሲመቱ ያደረገውን ንግግር እያባዛሁ ለተማሪዎቼ አድል ነበር። ድግግሞሹን፣ ተነፃፃሪ ሐረጎቹን፣ የዓረፍተ ነገሩን ምት በጠመኔ እያሰመርኩ አስረዳለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ሰውየው ይህን ከተናገረ በኋላ ምን አደረገ?» አለኝ። «እሱን የታሪክ ክፍል ሄደህ ጠይቅ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ግን በዚያ ቀን ትክክለኛውን የሂስ ጥያቄ የጠየቀው እሱ ነበር፤ ያመለጠው ደግሞ መምህሩ።

ለመሆኑ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ድሮም እንዲህ ተናጋሪ ነበር እንዴ? አልነበረም። ቶማስ ጀፈርሰን በ1801 ለኮንግረስ የሚቀርበውን ዓመታዊ መልእክት በአካል ሄዶ ማሰማቱን ተወው፤ የንጉሥ ንግግር ይመስላል ብሎ ጽፎ ላከው። ከዚያ በኋላ ለ112 ዓመታት የመጡት ሁሉ እየጻፉ ላኩ፤ ጸሐፊ አነበበላቸው። እንዲያውም በ1868 አንድሩ ጆንሰን በኮንግረስ ሲከሰስ፣ ከክሶቹ አንዱ በየአደባባዩ ከሥልጣኑ ክብር የማይገጥም ንግግር አድርጓል የሚል ነበር። አስቡት እስቲ! ያን ጊዜ ፕሬዚዳንትን ያስከሰሰው ነገር ዛሬ ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት ነገር ሆኗል።

ለውጡን ያመጣው ሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ውድሮው ዊልሰን በ1913 ኮንግረስ ፊት ራሱ ቆሞ ተናገረ። የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነውና አንደበቱን ያምናል። በ1919 ሴኔቱ የቬርሳይን ውል አላጸድቅም ብሎ ሲያንገራግር፣ ዊልሰን በባቡር ተሳፍሮ ወደ ሕዝቡ ሄደ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ 40 የሚጠጋ ንግግር አደረገ። ኮሎራዶ ውስጥ ፑዌብሎ በምትባል ከተማ ከተናገረ በኋላ ታመመ፤ ዋሽንግተን ሲመለስ ሽባ የሚያደርግ ሕመም ጣለው። ሴኔቱም ውሉን ሳያጸድቅ ቀረ። ሕዝቡ አጨብጭቦለታል፤ ጭብጨባ ግን በሴኔት ድምፅ ሆኖ አይቆጠርም። ዊልሰን ከሴናተሮቹ ጋር ቁጭ ብሎ መደራደር ሲገባው፣ በራሳቸው ላይ አልፎ ለሕዝብ መናገርን መረጠ። ይህ ልማድ ከእሱ ጋር የሚቀበር መስሎ ነበር።

አልተቀበረም፤ ራዲዮ መጣለት። ፍራንክሊን ሩዝቬልት መጋቢት 12 ቀን 1933 ማታ ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጥ የአገሪቱ ባንኮች ተዘግተው ነበር። ይህን ንግግር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሚያስደንቅ ዘይቤ የለውም። ሰውየው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ባንክ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። ያስቀመጥከው ገንዘብ በካዝና ተቆልፎ አይቀመጥም፣ ለሌላው ይበደራል፣ ሁሉም በአንድ ቀን ልውሰድ ካለ አይበቃም ይላል። ማስረዳቱ ብቻ አይደለም። ኮንግረስ ሕጉን ያወጣው ከሦስት ቀን በፊት ነው። ንግግሩ ከሥራው በኋላ መጣ እንጂ ሥራውን አልተካም። በማግስቱ ባንኮች መከፈት ሲጀምሩ፣ ሊያወጣ የተሰለፈው ሕዝብ ገንዘቡን ሊመልስ ተሰለፈ። ያ ተማሪዬ «ከዚያስ ምን አደረገ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ለዚህኛው መልስ ነበረኝ።

ይሁን እንጂ ራዲዮ ጣጣም አመጣ። ሰው ፕሬዚዳንቱን ሳሎኑ ውስጥ ሲያደምጥ የቤተሰብ አባል አደረገው። ሥራ ከጠፋ እሱን፣ ዋጋ ከናረ እሱን፣ ጦርነት ከመጣ እሱን ይጠይቅ ጀመር። ቢሮውም እንደ ተስፋው ሰፋ፤ በ1939 የፕሬዚዳንቱ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ኮንግረስ ለመጨረሻ ጊዜ በይፋ ጦርነት ያወጀው በ1942 ነው። ከዚያ ወዲህ ኮሪያም ሆነ ቬትናም የተገባው ያለ ጦርነት አዋጅ ነው። አርተር ሽሌሲንገር የተባለው የታሪክ ምሁር በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥልጣን «ንጉሠ ነገሥታዊ» ብሎ ሰየመው። ጀፈርሰን በ1801 የሸሸው ነገር በኋላ በር ገባ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቴሌቪዥን መጣ። መስከረም 26 ቀን 1960 ኬኔዲና ኒክሰን ሲከራከሩ ወደ 70 ሚሊዮን ሰው ተመለከታቸው። በራዲዮ የሰማው «ኒክሰን አሸነፈ»፣ በቴሌቪዥን ያየው «ኬኔዲ አሸነፈ» አለ የሚባለውን ወሬ እኔም በክፍል ውስጥ አውርቼዋለሁ። ማስረጃው የሳሳ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ወሬው ግን ለምን እንደጣፈጠን ይገባኛል፤ መልክ ሐሳብን ያሸነፈበት ቀን ሆኖ ተረት እንዲሆንልን ፈልገናል።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ ግን ሊንደን ጆንሰን ነው። ነሐሴ 4 ቀን 1964 ማታ በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ላይ መርከቦቻችን ዳግመኛ ጥቃት ደረሰባቸው አለ። ኮንግረስ በሦስተኛው ቀን የፈለገውን ሥልጣን ሰጠው፤ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔት 88 ለ2። ሁለተኛው ጥቃት ጭራሹን እንዳልነበረ በኋላ ታወቀ። ያ ድምፅ በተከፈተው መንገድ ከ58,000 በላይ አሜሪካውያንና እጅግ ብዙ ቬትናሞች አለቁ። ይኸው ሰው ግን መጋቢት 15 ቀን 1965 ኮንግረስ ፊት ቆሞ ስለ ጥቁሮች የመምረጥ መብት ሲናገር፣ የመብት ታጋዮቹን የመዝሙር ሐረግ በራሱ የደቡብ ቅላጼ ደገመው። በሁለተኛው ቀን ረቂቁን ላከ፤ በነሐሴ ሕግ ሆነ። አንድ አፍ፣ ሁለት ንግግር! በዘይቤ ብቻ የሚመዝን ሐያሲ ሁለቱን ምን ብሎ ይለያቸዋል? የሚለያቸው ከንግግሩ በኋላ የመጣው ነው።

በቬትናምና በዋተርጌት መካከል የቃል ዋጋ ወደቀ። በ1964 ከ4 አሜሪካውያን 3ቱ ያህል መንግሥታቸውን በአብዛኛው እናምናለን ይሉ ነበር፤ በ1974 ከ3 አንዱ ገደማ ቀረ። በዚያው ዓመት ዋይት ሐውስ የኒክሰንን የቢሮ ጭውውት በጽሑፍ ሲያወጣ፣ ስድቡ እየተሠረዘ «ነውር ቃል ወጥቷል» የሚል ትርጉም ያለው ማስታወሻ ገባበት። ሕዝቡ ያንን ባዶ ቦታ በየራሱ ስድብ ሞላው። ሁለት አንደበት እንዳለው የተጋለጠ ፕሬዚዳንት ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም።

ሮናልድ ሬገን መድረክ የሚያውቅ ተዋናይ ነበር። በጥር 1986 ቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር ፈንድታ 7 ሰዎች ሲሞቱ፣ ዓመታዊ ሪፖርቱን አዘግይቶ ለጥቂት ደቂቃ ሕዝቡን አጽናና። የጻፈችለት ፔጊ ኑናን ናት። የሚያምር የኀዘን ንግግር ነው፤ አልቅሶ ለሚገኝ ሕዝብ ማጽናናት ይገባል። መንኮራኩሯ ለምን እንደፈነዳች ግን ከንግግሩ አልተገኘም። ቅዝቃዜ ያበላሸውን የጎማ ቀለበትና የመሐንዲሶችን ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ በዚያው ዓመት የቀረበው ደረቅ የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ነው። ዛሬ ንግግሩን ብዙ ሰው ያስታውሳል፤ ሪፖርቱን ስንቱ አንብቦታል?

እዚህ ላይ «ድሮ ጥሩ ነበር» ሊል ነው እንዳትሉኝ። እስከ 1968 ድረስ ዕጩን የሚመርጡት በአብዛኛው የፓርቲ አለቆች ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ሁበርት ሀምፍሪ በአንድም የቅድመ ምርጫ ውድድር ሳይሳተፍ ዕጩ ሆነ። ዝግ በር ውስጥ የሚዶለት ነገር ሕዝብን አይመስልም፤ ከ1972 ጀምሮ በሩ መከፈቱ መልካም ነው። ግን በሩ ሲከፈት ደጃፉ ላይ የቆመው ካሜራ ነበር። በ1968 የምሽት ዜና የዕጩን ንግግር ሳይቆርጥ ከ40 ሰከንድ በላይ ያሰማ ነበር፤ በ1988 ወደ 9 ሰከንድ ወረደ። በ9 ሰከንድ ባንክ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት አይቻልም፤ መሳደብና ማስጨብጨብ ግን ይቻላል።

እንግዲህ ከጀፈርሰን እስከ ሬገን የተለወጠው የፕሬዚዳንቱ አንደበት ብቻ አይደለም፤ የእኛ ጆሮም ነው። ጽሑፉ ሲላክ አንባቢ ነበር። ራዲዮ ሲመጣ አድማጭ ሆነ። ቴሌቪዥን ሲመጣ ተመልካች። ዜጋ የሚለው ቃል ግን ከሦስቱም በላይ ነው፤ ዜጋ ይጠይቃል። ጥያቄው ሲቀር ጭብጨባ ብቻ ይቀራል። እሱም ለየትኛውም አገር ተናጋሪ አይነፈግም።

ኬኔዲ በዚያ ንግግሩ ለነፃነት ሲባል የትኛውንም ዋጋ እንከፍላለን ብሎ ነበር። ሲናገር ቬትናም ውስጥ የነበሩት የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች ከ1,000 ያነሱ ነበሩ፤ ሲሞት 16,000 ገደማ ደርሰዋል። ለዚያ ተማሪዬ መመለስ የነበረብኝ ይህንን ነው። ወዳጄ፣ ይህን ካነበብክ መልሱ ዘግይቶም ቢሆን ይኸው። ስለ ሳቁም ይቅርታ።

ቸር እንሰንብት።