የሕግ አወጣጥ ክርክርና የሰጥቶ መቀበል ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል

በመካከለኛ ደረጃ ክፍሎች ስለ ሕግ አወጣጥ የሚሰጠው የዜግነት ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተልን በማስጠናት ይወሰናል። ረቂቁ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፤ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ርእሰ ብሔሩ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙበት እንኳ ሕግ ሆኖ ይጸናል። ይህን የሸመደደ ተማሪ ፈተናውን ያልፋል። የረቂቁ ቃል በኮሚቴው ውስጥ ስለ ምን እንደሚለወጥ ግን ሳያውቅ ይቀራል።

ክርክር ሲዘጋጅም ክፍሉ በደጋፊና በተቃዋሚ ተከፍሎ፣ ዳኛ ተሰይሞ፣ ለረቺው ይጨበጨባል። አቀራረቡ የጥንቱን የበላ ልበልሃ ሙግት ያስታውሳል። አንደበትን ማሠልጠኑ አይካድም፤ ሆኖም በሙግት ሐሳቡን ያሻሻለ ሰው እንደ ተረታ ይቆጠራል። ሕግ አውጪው ደግሞ ድምፅ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ሐሳቡን በማሻሻሉ ነው። (እርግጥ በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱም መቀመጫዎች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ ከተያዙ በኋላ ለዚህ ከምክር ቤቱ ውሎ ምሳሌ መፈለግ ለመምህሩ ቀላል አልነበረም።)

ለአስኮ ተማሪ ግን ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ለሁለቱም 18 አደረገው። ነገር ግን ከባድ ምክንያት ሲያጋጥም የፍትሕ ሚኒስትሩ ከሁለት ዓመት የማይበልጥ ቅናሽ እንዲፈቅድ ሥልጣን ሰጠው። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። ስለዚህ ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚሻገር ልጅ በአጭር የታክሲ ጉዞ ከአንድ ሕግ አውጪ ወሰን ወደ ሌላው ይገባል።

የሁለት ዓመቱ ቅናሽ ለክፍል ውይይት የተመቸ ነው። ተማሪዎች እንደ ኮሚቴ ተቀምጠው ይሰረዝ፣ ይቆይ ወይስ ይጥበብ ብለው ቃሉን ራሳቸው ሊጽፉ ይችላሉ። ማመልከቻውን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ሲመረምሩ ሕጉ ከተጋቢዎቹ ሌላ ለአንደኛቸው ወላጆች ወይም አሳዳሪም መፍቀዱን ያገኛሉ። የ14 ዓመቷ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ይህን አንቀጽ የምታነበው እንደ ሩቅ ነገር አይደለም።

የዘዴው አደጋም እዚሁ ላይ ነው። ቶሎ ለተስማማው ቡድን ከፍተኛ ነጥብ የሚሰጥ መምህር ሰጥቶ መቀበልን ወደ ገበያ ክርክር ያወርደዋል። በዕድሜ ጉዳይ የስምምነቱን ዋጋ የምትከፍለው ልጅ ከተስማሚዎቹ መካከል ላትኖር ትችላለች፤ ተማሪዎችም ይህን ጠይቀው አንስማማም የማለት መብት ሊኖራቸው ይገባል። በመሆኑም ነጥቡ በጽሑፍ ለሚቀርበው ምክንያት ቢሰጥ ይሻላል። የተለየ ሐሳብ ያላቸውም ሐሳባቸውን በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያሰፍሩ ማድረግ ተገቢ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስለማያልቅ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጆች ቢያንስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሊመድቡለት ይገባል።