እርሾ ባለበት ዳቦ ላይ

እ.ኤ.አ. በ1944 የአይሁድ ፋሲካ ሲቃረብ፣ በሰሜን ጀርመን በቤርገን ቤልዘን ማጎሪያ ካምፕ ታስረው የነበሩ ከሆላንድ የመጡ ረቢዎች አንዲት አጭር ጸሎት ጻፉ። በዕብራይስጥ ጥቂት መስመር ናት፤ ቀስ ብሎ የሚያነባት ሰው እንኳ አንድ ደቂቃ አትፈጅበትም። የተጻፈችው በበዓሉ ቀናት የካምፑን ዳቦ፣ ያንን እርሾ ያለበትን ዳቦ፣ ወደ አፍ ከማድረስ በፊት እንድትባል ነው። ከጸሎቷ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣው የሮተርዳሙ ረቢ አሮን ዳቪድስ ናቸው፤ በ1945 እዚያው ካምፕ ውስጥ ሞቱ።

ስለዚህች ጸሎት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የጸሐፊዎቿ ጽናት ነው። ይገባቸዋል። እኔን ግን ደጋግሞ ወደ እሷ የሚመልሰኝ አሠራሯ ነው። እያንዳንዱ ሐረግ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተጨመረበት፣ ምን እንደተቀነሰበት ልብ ብሎ ላያት ሰው፣ የተራቡ ሰዎች ቀኑ እየገፋቸው አንዲት ቃል ሳያባክኑ የሠሯት ሥራ ሆና ትገኛለች።

ዳቦው ስለምን ጸሎት አስፈለገው? በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12፣ በበዓሉ ሰባት ቀን እርሾ ያለበትን የበላ ሰው ከሕዝቡ ተለይቶ እንደሚጠፋ ተጽፏል። ከባድ ፍርድ ነው። ስለዚህ በአይሁድ ቤት ከፋሲካ በፊት ያሉት ቀናት በእርሾ አደን ያልፋሉ፤ ቁም ሣጥኑ ይገለበጣል፣ ኪስ ሳይቀር ይራገፋል። በጎንደር ገጠር የነበሩ የቤተ እስራኤል ሴቶችም አሮጌውን የሸክላ ዕቃ አስወግደው ለበዓሉ አዲስ ይሠሩ ነበር። ረቢዎች በመሩት ወግ ደግሞ፣ በዓሉ ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው በሻማ ብርሃን ጥጋጥጉ ይፈተሻል። ከፍተሻው በኋላ የቤቱ ባለቤት ሳያየው የቀረው እርሾ ቢኖር ከንብረቱ እንደወጣ፣ ከአፈር እንደማይለይ ይናገራል። አነጋገሩ የተዘጋጀው ዕብራይስጥ ላልተማረውም ሰው እንዲገባ በአራማይክ ነው፤ አራማይክ የማያውቅም በሚገባው ቋንቋ እንዲለው ሕጉ ይመክራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማታ የሚባለውና በማግሥቱ ጠዋት የሚባለው አንድ አይደሉም። ማታ ሰውየው የሚለቀው ያላየውን እርሾ ብቻ ነው፤ ያየው ገና ቁርሱ ነውና። ጠዋት፣ የተረፈው በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ግን፣ ያየውንም ያላየውንም ይለቃል። ይህን ልኬት እወደዋለሁ። አፍ ከእውነታው አንዲት ስንዝር አልፎ አይሄድም። በብዙ የጸሎት መጻሕፍት ከቃጠሎው በኋላ አንዲት ልመና ትከተላለች፦ እርሾ ከቤት እንደተወገደ ሁሉ ክፉው ምኞትም ከልብ እንዲወገድ። እርሾ ሊጡን እንደሚነፋው፣ ምኞትም ሰውን ይነፋዋል፤ በአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ ሁለቱ ከጥንት ጀምሮ አብረው ይነሣሉ። ይህን ዝምድና አንባቢ እንዲይዝልኝ እሻለሁ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ቤርገን ቤልዘን ውስጥ የሚፈተሽ ቤት አልነበረም። የሚቃጠል ትርፍ አልነበረም። ዳቦው ጥቂት፣ ያለ እሱም መኖር የማይታሰብ። ሕጉ በዚህ ላይ አያመነታም፤ ነፍስን ለማዳን ሲባል ሰንበት ይሻራል፣ እርሾም ይበላል። ረቢዎቹም ብሉ አሉ። ይሁንና ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ሳምንት እርሾ ቀምሶ የማያውቅ ሰው፣ ጉሮሮው በፈቃድ ብቻ አይከፈትለትም። ጸሎቷ የገባችው በፈቃዱና በጉሮሮው መካከል ነው።

አዲስ ጸሎት መጻፍ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ከሩቅ ለሚያየው የአይሁድ ጸሎት ተቆርጦ የተሰጠ ይመስላልና፦ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ከታወቀ መጽሐፍ። ቢሆንም ገና ጥንታዊው የአይሁድ ሕግ ስብስብ በሆነው በሚሽና ዘመን ረቢ ኤሊዔዘር ጸሎቱን እንደ መደበኛ ግዴታ የሚወጣ ሰው ልመና እንዳላቀረበ አስተምረዋል። ሚሽናን የሚያብራራው የታልሙድ ሊቃውንትም ስለ ጸሎት ሥርዓት ሲመራመሩ መምህር ያደረጓት ሐናን ነው፤ በሴሎ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ ሳይሰማ፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ እስኪገሥጻት ድረስ የልቧን በራሷ ቃል ያፈሰሰችውን ሴት። ከእሷ በኋላም ሴቶች ይህን መንገድ አልተዉትም። በምሥራቅ አውሮፓ በዪዲሽ የተዘጋጁ የሴቶች ልመናዎች ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፉ ኖረዋል፤ በ1855 ደግሞ በሞራቪያ የአንድ ረቢ ሚስት የነበሩት ፋኒ ኖይዳ ለሴቶች የግል ጸሎት የሚሆን መጽሐፍ በጀርመንኛ አሳትመዋል።

ይህ የግል ጸሎት የራሱ ቦታ አለው። ቆመው የሚያደርሱት ዋናው ጸሎት ሲያልቅ፣ እግር ወደኋላ ከመመለሱ በፊት፣ ሰው የራሱን የሚናገርባት ክፍተት አለች። ታልሙድ በረኮት በተባለው ክፍል፣ በ17ኛው ቅጠል፣ ሊቃውንቱ በዚያች ክፍተት ምን ምን ይሉ እንደነበር ይዘረዝራል። ዝርዝሩን ሳነብ ሰዎቹን በጓዳቸው ያገኘኋቸው ያህል ይሰማኛል። አንዱ ሰላም ይለምናል፣ አንዱ ከኀፍረት መዳንን። የራቢና ልጅ ማር አንደበቱ ከክፋት እንዲጠበቅለት ይለምናል፤ የእሱ ልመና እጅግ ከመወደዱ የተነሣ ዛሬ በጸሎት መጽሐፉ ታትሞ በዋናው ጸሎት ማብቂያ ሁሉም የሚደግመው ሆኗል።

በዚያው ገጽ ላይ የረቢ አሌክሳንድሪ ጸሎት አለ። አሠራሩ የሙግት ነው። ፈቃዳችን ፈቃድህን መፈጸም እንደሆነ በፊትህ የታወቀ ነው ከሚል ይነሣል፤ ታዲያ የከለከለን ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለት ከልካዮችንም ይጠራል፦ በሊጡ ውስጥ ያለውን እርሾ፣ እንዲሁም የመንግሥታትን የባርነት ቀንበር። የመካከለኛው ዘመን ታላቁ ተርጓሚ ራሺ እርሾው ክፉው ምኞት እንደሆነ ያስረዳል። አንዱ ጠላት ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ። ከዚያም ጸሎቱ ከሁለቱም እጅ መዳንን፣ በፍጹም ልብም ወደ ሥርዓቱ መመለስን ለምኖ ያበቃል። በዚህ ሰው ጸሎት ውስጥ ራስን ማጽደቅም ራስን መርገምም የለም፤ ልባችንን ታውቃለህ፣ የያዘንንም ታውቃለህ የሚል የቀረቤታ ቃል ነው ያለው።

ከሺህ ዓመት በላይ አልፎ በካምፑ ያሉት ረቢዎች ወደዚህች ጸሎት ሄዱ። መነሻቸው የአሌክሳንድሪ መነሻ ነው፤ ማብቂያቸውም የእሱ ማብቂያ፣ በፍጹም ልብ ማገልገል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቅኔው የዕለቱ ነው፣ ቤቱ ግን የጥንት። በመነሻና በማብቂያው መካከል ያለውን ግን አዲስ ሠሩት።

መጀመሪያ የአሌክሳንድሪን ጠቅላላ ፈቃድ ወደዚያች ሳምንት አጠበቡት። ልንፈጽመው የፈለግነው ፋሲካን ማክበር ነው፤ ቂጣ በመብላት፣ ከእርሾም በመጠበቅ። ቀጥሎ ልባቸው በምን እንደታመመ ይናገራሉ፦ ባርነቱ ከለከለን፣ ነፍሳችንም አደጋ ላይ ናት። አሌክሳንድሪ የጠራቸው ከልካዮች ሁለት ነበሩ። እዚህ የተጠራው አንድ ብቻ ነው።

በሊጡ ውስጥ ያለው እርሾ ወጥቷል። በዓመት ውስጥ እርሾ ከሁሉ ይልቅ በሚታሰብበት ሳምንት፣ እርሾ ባለበት ዳቦ ላይ በሚጸለይ ጸሎት፣ ከጥንቱ ቃል ተነቅሎ የወጣው እርሾ ነው። ታልሙድን ከልጅነታቸው ያጠኑ ሰዎች ይህን በዘፈቀደ አደረጉት ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ጸሎቱን የሚሰማ የተማረ እስረኛ የመጀመሪያዎቹን ቃላት እንደሰማ ቀሪውን በልቡ ያውቀዋል፤ እርሾውን ይጠብቃል፤ እርሾው አይመጣም። ባለመምጣቱም አንድ ነገር ይነገረዋል፦ ዛሬ የከለከለህ የገዛ ምኞትህ አይደለም፣ ይህን ዳቦ የምትበላው ሆድህ ስላሸነፈህ አይደለም። በደሉ በሙሉ ከውጭ ነው። አንድ ረቢ ይህን ለአንድ ሺህ ሰው አንድ በአንድ ቢያስረዳ ቀን ይመሽበታል፤ ጸሎቷ በዝምታ ጨረሰችው።

መካከሉ ደግሞ ከዚህ ያልተናነሰ ነው። አይሁድ ትእዛዝ ሊፈጽሙ ሲሉ፣ በፋሲካ ራትም ቂጣውን ሊበሉና ጽዋውን ሊጠጡ ሲሉ፣ ተዘጋጅቻለሁ ለማለት የሚጠቀሙበት የታወቀ መግቢያ አለ። ረቢዎቹ ያንኑ መግቢያ አምጥተው ከእርሾው ዳቦ ፊት አኖሩት። ይህ ድፍረት ነው፤ የትሑታን ድፍረት። ዳቦው የሚታለፍ ኃጢአት ሆኖ አልቀረም፤ ራሱ ትእዛዝ ሆነ፣ በላተኛውም እንደ ቂጣው ሁሉ ተዘጋጅቶ የሚቀርብበት።

የትኛው ትእዛዝ? እዚህ ሁለት የኦሪት ቃላት ይጠራሉ። የመጀመሪያው ከዘሌዋውያን ምዕራፍ 18 ነው፣ ሰው ሥርዓቱን አድርጎ በሕይወት ስለ መኖሩ የሚናገረው፤ ሊቃውንቱ ከዚህ ሕጉ የተሰጠው ሰው እንዲኖርበት እንጂ እንዲሞትበት እንዳልሆነ ያስተማሩበት። ሁለተኛው ከዘዳግም ምዕራፍ 4 ነው፣ ነፍስን አጥብቆ ስለ መጠበቅ የሚያስጠነቅቀው። አንዱ አድርግ የሚል፣ አንዱ ተጠንቀቅ የሚል። ወደ ላይ መለስ ብለን እናስተያይ። እስረኞቹ የተነጠቁት ፋሲካም እንዲሁ ጥንድ ነበር፦ ቂጣን መብላት አድርግ የሚል፣ ከእርሾ መራቅ ተጠንቀቅ የሚል። የተነጠቀው ጥንድ በሌላ ጥንድ ተተካ፣ ሚዛን በሚዛን። ማንም በዚያ ሳምንት ባዶ እጁን አልቆመም፤ የሚፈጽመው ትእዛዝና የሚጠነቀቅበት ክልከላ በእጁ ነበሩ። እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ሳይ፣ ይህን የጻፈ እጅ በረሃብ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ማሰብ ይከብደኛል።

የልመናው ክፍል መጨረሻ ላይ ነው፣ አጭርም ነው። በየበዓሉ መግቢያ የሚባል ምስጋና አለ፤ በሕይወት ስላኖረን፣ ስላቆየን፣ እስከዚህ ጊዜ ስላደረሰን ብሎ በሦስት እርምጃ የሚሄድ። የካምፑ ጸሎት ያንኑ ሦስት እርምጃ ይሄዳል፤ ምስጋናው ግን ወደ ልመና ዞሯል፤ አኑረን፣ አቆየን። ሦስተኛው ላይ፣ መድረስ በነበረበት ቦታ፣ ቤዛነት ገባ፤ ያውም ፈጥኖ። ለምን ይኖራሉ? ሥርዓትህን እንጠብቅ ዘንድ። የሚለመነው ሕይወት ገና ሳይሰጥ ሥራው ተመድቦለታል፤ በሚቀጥለው ዓመት እርሾ የሚፈልግ፣ ቂጣ የሚበላ ሕይወት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ፈልጌ አጣሁባት፦ የይቅርታ ልመና። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማረን የሚል የለም። የአይሁድ ጸሎት ይህን ቃል አያጣውም፤ በዕለታዊው ጸሎት ውስጥ እንኳ በቋሚነት አለ። ሊጨምሩት ቢፈልጉ በአንድ ቃል ይጨመር ነበር። ቢጨምሩት ግን ከላይ የገነቡት ሁሉ ይፈርስ ነበር፤ ትእዛዝ የፈጸመ ሰው ስለ ፈጸመው ይቅርታ አይጠይቅምና። የአንድ ሥራ ጥራት ባልተደረገበትም ይታወቃል፤ ይህ ለእኔ ከእርሾው መውጣት ቀጥሎ ትልቁ ነው።

ደግሞም የምትናገረው በብዙ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ በገዛ ቁራሹ ላይ ለብቻው ቢላትም፣ የሚናገረው ስለ እኛ ነው፤ አሌክሳንድሪም ለብቻው ሲጸልይ እኛ ብሎ ነበር።

የራቢና ልጅ ማር ጸሎት ከአንድ ሰው አፍ ወጥታ የሁሉ ሆነች፤ ማንም በማንኛውም ቀን ሊላት ይችላል፤ አንደበት የሌለው ሰው የለምና። የቤርገን ቤልዘኗ እንዲህ አልሆነችም። ዛሬ በአንዳንድ የፋሲካ መጻሕፍት ውስጥ ትታተማለች፣ በራት ማዕድ ላይ ድምፅ አውጥተው የሚያነቧት ቤተሰቦች አሉ። ሲያነቧት ግን ፊታቸው ያለው ቂጣ ነው፤ ተዘጋጅቻለሁ የምትልበት ዳቦ በቤቱ የለም፣ ባለፈው ጠዋት ተቃጥሏል። ስለዚህ ያነቧታል እንጂ አይጸልዩዋትም። ለዚያች ሳምንት፣ ለእነዚያ ሰዎች ልክ ተቆርጣ ነበር፣ ለሌላ ለማንም አትሆንም፤ የጻፏትም ይህንኑ ነበር ፈጥነህ ቤዠን ብለው የለመኑት።