ጋማ ካሜራ «የት» ይላል፤ «ምን» አይልም

የኒዩክሌር ሕክምና ትምህርት ስለ ኤድስ ሲያነሳ የሚያስተምረን ቀመር አለ። ሕመምተኛው ጋሊየም-67 ይወጋል። ሳንባው በሙሉ ካበራ ኒሞሲስቲስ የተባለው የሳንባ ምች ነው። ሊምፍ ዕጢዎቹ ካበሩ ቲቢ ወይም ሊምፎማ ይጠረጠራል። ጋሊየም ሳያበራ ታሊየም-201 ካበራ ደግሞ ካፖሲ ሳርኮማ። ያምራል፣ ለፈተናም ይመቻል። አዲስ አበባ ላይ አምጥታችሁ ስትሞክሩት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ጋሊየም በደም ውስጥ ብረትን ይመስላል፤ ብረት ተሸካሚው ትራንስፈሪን ይዞት ይዞራል። ሰውነት የተቆጣበት ቦታ ሲደርስ፣ ነጭ የደም ሴሎች የሚለቁት ላክቶፈሪን እና ባክቴሪያዎች ብረት ለመሻማት የሚሠሯቸው ውህዶች ይይዙታል። ካሜራው ከዚያ የሚወጣውን ጋማ ጨረር ይቆጥራል። አስተውሉ፦ የተቆጠረው የሰውነት መቆጣት ነው እንጂ ተሕዋሲው አይደለም። ምስሉ «እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ» ይላል። ስሙን የሚሰጡት አንባቢዎቹ ናቸው።

ስም የሚሰጡት ደግሞ አካባቢያቸው ላይ ምን እንደሚበዛ አስበው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው ከሎስ አንጀለስ ሲሆን አምስቱም ወጣቶች የያዛቸው ይኸው ኒሞሲስቲስ ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሳንባው ሙሉ ካበራ ኒሞሲስቲስ ብሎ መወራረድ ያዋጣ ነበር። እኛ ጋ ግን ኤች አይ ቪ ያለበትን ሰው በዋናነት የሚገድለው ቲቢ ነው፤ በደም ተሰራጭቶ ሳንባን በጠቅላላ የሚሞላ የቲቢ ዓይነትም አለ። በዚህ ላይ ኮትሪሞክሳዞል በመከላከያነት የሚወስድ ሰው በኒሞሲስቲስ የመያዝ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ምስሉ ያው ነው፣ መልሱ ግን ሌላ። መሐንዲስ እንዲህ ያለውን መሣሪያ «በሌላ ቦታ የተለካ» ይለዋል፤ ቦታው ሲቀየር ልኬቱም እንደገና መሠራት አለበት።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነስታችሁ ማዘጋጃ ቤቱን አልፋችሁ ቸርችልን ቁልቁል ብትወርዱ፣ የኒዩክሌር ሕክምና ክፍል ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእግር ቅርብ ነው። ለሰው ማለቴ ነው። ጨረር አመንጪው ንጥረ ነገር ግን በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፤ መንገድ ላይ እያለም ያልቃል። ቴክኒሺየም-99ኤም የሚገኘው ከሞሊብዲነም-99 ነው፤ የሞሊብዲነም ግማሽ ዕድሜ 66 ሰዓት ነው። ሦስት ቀን ከዘገየ ከግማሹ በላይ ሄዷል። በሳምንቱ የሚቀረው 17 በመቶ ገደማ ነው። ጨረር የጉምሩክ ወረፋ አይጠብቅም።

ጋሊየም ሻል ይላል፤ ግማሽ ዕድሜው 78 ሰዓት ግድም ነው። ግን ምስሉ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከተወጋ ከ48 እስከ 72 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ሁለቴ ይመጣል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ከሆነ ፒያሳ ፔንሲዮን ይይዛል ወይ ዘመድ ጋ ያድራል። የፒያሳ ልጅ ከሆነስ? በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙ ነባር ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፤ ለእሱም ቢሆን ደርሶ መልስ ታክሲ ነው፣ ያውም ሁለቴ። ሲዲ4ው ከ100 በታች ለወረደ፣ ላብ በላብ ለሆነ ሰው እነዚህ ሁለት ሦስት ቀናት ቀላል አይደሉም።

«ነጭ የደም ሴልን ምልክት አድርጎ መወጋትስ?» የሚል ይኖራል። ደም ይቀዳል፣ ሴሎቹ ይለያሉ፣ በኢንዲየም-111 ወይም በቴክኒሺየም ምልክት ተደርጎባቸው ለባለቤቱ ይመለሳሉ። መግል ለመፈለግ ጎበዝ ነው። ቲቢ ላይ ግን ደካማ ነው፣ ኤድስ ያለበት ሰው ደግሞ የሚለይ በቂ ሴል ላይኖረው ይችላል። የአንዱ ደም ለሌላው እንዳይሄድ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄም አስቡት።

በስኳር መሰል ውህድ የሚሠራው ፔት ስካን ከሁሉም የተሻለ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ የማይክ ሳቴክጌ ቡድን ኤች አይ ቪ እና ቲቢ አብረው ባሉባቸው ሰዎች ላይ ብዙ ሠርቶበታል። እሱም ቢሆን መዘዝ አለው፦ መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ላይ ቫይረሱ ራሱ ሊምፍ ዕጢዎችን ያበራል።

ታዲያ «ምን» የሚለውን ማን ይመልስ? በሽንት የሚሠራው የቲቢ ላም ምርመራ በ25 ደቂቃ ውጤት ይሰጣል። የክሪፕቶኮከስ አንቲጂን ምርመራም ያው ቀጭን ወረቀት ነው። አክታ ለሚወጣው ጂንኤክስፐርት አለ። እነዚህ ጤና ጣቢያ ድረስ ሊወርዱ የሚችሉ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን እንደ ካሜራው ፎቶ ተነስቶላቸው በመክፈቻ ሥነ ሥርዓት አይመረቁም።

ካሜራው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ትኩሳቱ ለሳምንታት የቆየ፣ ምርመራው ሁሉ ተሠርቶ ምንም ያልተገኘ፣ ራጅና አልትራሳውንድ ዝም ያሉበት ሰው አለ። የጀርባ ሕመምም አለ፤ የአጥንት ስካን የአከርካሪ ቲቢን አንዳንዴ ቢስተውም ብዙ ጊዜ ቦታውን ያሳያል። እዚህ ላይ «የት» የሚለው መልስ ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም ሐኪሙ ናሙና የሚወስድበትን መርፌ የት እንደሚሰካ ያውቃል። የእኔ ቅሬታ ጥናቶቹ ላይ ነው፦ ስካኑ ከመቶ ስንቱን እንዳገኘ ይነግሩናል፤ የስንቱ ሰው ሕክምና በስካኑ ምክንያት እንደተቀየረ፣ በስንት ቀን እንደቀደመ ግን እምብዛም አይጽፉም።

እስከዚያው በምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ አራት ባዶ ቦታ ቢጨመር ወጪው የቀለም ነው፦ ሲዲ4፣ የላም ውጤት፣ የክሪፕቶኮከስ ውጤት፣ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመረ ስንት ሳምንት ሆነው። የመጨረሻውን የጨመርኩት መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የነቃው የመከላከል አቅም ራሱ ሰውነትን ስለሚያስቆጣ ነው፤ ካሜራው ያንንም ልክ እንደ ኢንፌክሽን አድርጎ ያበራዋል።