ድመት ቋቅ ስትል

የድመት ምላስ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው። ላዩ ላይ ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች ስላሉት፣ ራሷን ስትልስ የተነቀለውን ፀጉር መትፋት አይሆንላትም፤ ትውጠዋለች። አብዛኛው ከዓይነ ምድሯ ጋር ይወጣል፤ የቀረው ጨጓራዋ ውስጥ ተድቦልቡሎ አልፎ አልፎ ወደ ላይ ይላታል። ቋቅ ቋቅ ብላ ጣት የሚያህል እርጥብ የፀጉር ጥቅል ጥላ፣ ወዲያው ወደ ምግቧ የተመለሰች ድመት አታሳስብም።

የሚያሳስበው እየተደጋገመ ምንም የማይወጣበት መተናነቅ ነው። ባለቤቶቿ «ፀጉር አንቋት ነው» እያሉ ወራት ያሳለፉባት ድመት፣ ሐኪም ሲያያት ሳል ያለባት ሆና የምትገኝበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ከአኳኋኗ ይታወቃል። ልታስመልስ ያለች ድመት ከንፈሯን ትልሳለች፣ ምራቋን ትውጣለች፣ ከዚያ ሆዷ በኃይል ይኮማተራል። የምታስለዋ ግን መሬት ላይ ልጥፍ ብላ አንገቷን ወደ ፊት ትዘረጋለች፤ ደጋግማ ካሳለች በኋላ አንድ ነገር እንደ መዋጥ ትልና ምንም እንዳልሆነ ተነሥታ ትሄዳለች። ይህ አስም ሊሆን ይችላል፤ የከሰልና የዕጣን ጭስ ያባብሰዋል። ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ስለማታስል፣ ቤት ውስጥ በስልክ የተቀረጸ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ክር የዋጠች ድመትም ትተናነቃለች። የስፌት ክር ምላሷ ሥር ተጠምጥሞ ሌላው ጫፉ አንጀቷ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ጫፉ ቢታይም መጎተት ፈጽሞ አይገባም፤ የተወጠረ ክር አንጀት ይቆርጣል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላም ነገር መታሰብ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ጉሮሮዋ ሽባ ሆኖ ለሃጯ ሲዝረበረብ አጥንት የተሰነቀረባት ትመስላለች፤ ለመርዳት ብሎ አፏ ውስጥ ጣቱን የሚከት ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ያልተከተበችና ጠባይዋ የተለወጠ ድመት በእጅ አትነካም። የነከሰችው ወይም ለሃጯ ቁስሉን የነካው ሰው፣ ቦታውን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ ድዷ የነጣ ወይም የጠቆረ፣ ተኝታ ሳለ በደቂቃ ከ40 ጊዜ በላይ የምትተነፍስ ድመት እስከ ነገ አትቆይም። ደም ያስመለሳትና የአይጥ መርዝ በልታለች ተብላ የተጠረጠረችም እንዲሁ። 24 ሰዓት ሙሉ ምግብ አልቀምስ ያለች ድመት ሐኪም ያስፈልጋታል፤ በተለይ ወፍራም ከሆነች ረሃቡ ጉበቷን በስብ ይሞላዋል። ግልገልም ፈሳሽ ቶሎ ስለሚያልቅባት ጊዜ አትሰጥም።

እስከዚያው ድረስ የሰው መድኃኒት መስጠት አይገባም። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል።