የተበላሸ ዕለት የሚለይ ሥራ

የእጅ ሥራ ጥራት የሚለየው የተበላሸ ዕለት ነው። ቤት ውስጥ የተገጣጠመ የቫኪዩም ቲዩብ አምፕሊፋየር ገልብጦ ሆዱን ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። በጥንቃቄ የተሠራው የሕመሙን ቦታ ራሱ ይጠቁማል፤ በጥድፊያ የተሠራው ግን ጠጋኙን ያንከራትታል።

ለዚህ ሙያ የተመሰገነ መነሻ ሙላርድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1954 እ.ኤ.አ. ለቤት ሠሪዎች ያወጣው «5-10» የተሰኘው ንድፍ ነው፤ አምስት ቲዩብ፣ 10 ዋት። ኢኤፍ86 ደካማውን ድምፅ ያነሣል፤ ኢሲሲ83 ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሁለት ኢኤል84ዎች እየተፈራረቁ ስፒከሩን ይገፋሉ፤ አምስተኛው ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ያቀናል። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸውን ሸክላዎች በሙሉ ወዛቸው ለመስማት 10 ዋት ለአንድ ሳሎን ይበቃል።

በካፋዋ ከተማ በቦንጋ ግን ንድፍ መከተል ብቻውን አያዋጣም። የካፋ ዝናብ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ እርጥበቱም ለረጅም ወራት ቤት ውስጥ ይሰነብታል። የድሮ የወረቀት ካፓሲተር እርጥበት ይስብና ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። የቲዩብ መሰኪያዎች እግር ይዝጋል። በድምፅ ማውጫው ትራንስፎርመር ውስጥ የተጠቀለለው ቀጭን ሽቦም ተበልቶ ሊበጠስ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሠሪ በወረቀቱ ፋንታ የፕላስቲክ ካፓሲተር ይመርጣል፤ ትራንስፎርመሩን በቫርኒሽ ያስነክራል፤ ለሙቀቱ መውጫ ይተዋል።

በጥንቃቄ የተሠራውን አምፕሊፋየር ውስጡን እንይ። ቲዩቦቹን የሚያሞቁት 6.3 ቮልት ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው በሻሲው ጥግ ጥግ ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ሽቦዎች የሚረጩት መስክ እርስ በርሱ እንዲሻር ነው። ኧርዞቹ በየቦታው አልተበተኑም፤ አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስበዋል። የድምፅ መግቢያው ከኃይል ትራንስፎርመሩ ርቆ ተቀምጧል። ብየዳው ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። የሬዚስተሮቹ ቀለማት ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይነበባሉ። ከዚህ ውስጥ ለጌጥ የተደረገ የለም።

የዚህ ሁሉ ጥቅም የሚታየው ጥገና ላይ ነው። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም የማጣሪያ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። አስተዋይ ሠሪ ይህን የሚያፈስ ሬዚስተር አስቀድሞ ይገጥማል፤ ጠጋኙም በቴስተር ሳያረጋግጥ እጁን አይሰድም። ዳግም ሲበራም መጀመሪያ ባለ ክር አምፖል በተከታታይ ይያያዝለታል። ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ትራንስፎርመሩ ይተርፋል።

ከዚያ ማዳመጥ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ጉምታው ወፍራም፣ 50 ኸርዝ ከሆነ ጥርጣሬው በማሞቂያ ሽቦዎችና በኧርዝ ላይ ይወድቃል። በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ 100 ኸርዝ ከሆነ የደከመው ማጣሪያ ካፓሲተር ነው። ድምፁ እስከ መጨረሻ ተቀንሶም ጉምታው ካልጠፋ ጥፋቱ ከድምፅ መቀነሻው ወዲህ፣ ወደ ስፒከሩ በኩል ነው። ቴስተር ሳይነካ ግማሹ ፍለጋ በጆሮ አለቀ።

አንደኛው ኢኤል84 ሰሌዳው ቀልቶ ቢታይስ? ለእያንዳንዱ የራሱን የካቶድ ሬዚስተር የሰጠ ሠሪ እዚህ ላይ ይመሰገናል፤ ሁለቱን ለየብቻ መለካት ይቻላልና። ይህ ቲዩብ በተለመደው የ250 ቮልት አሠራሩ የሚፈልገው የግሪድ ልዩነት 7.3 ቮልት ነው፤ ካቶዱ ላይ ከዚህ እጅግ የበለጠ ቁጥር መታየቱ የሚፈሰው ከረንት መብዛቱን ይናገራል። ቀጥሎ ሁለቱን ቲዩቦች ቦታ ማለዋወጥ ነው። ቅላቱ ቲዩቡን ተከትሎ ከሄደ ቲዩቡ አርጅቷል፤ እዚያው ከቀረ ጥፋቱ የሰርኪዩቱ ነው። ቲዩቡን ነቅሎ የመሰኪያውን የግሪድ እግር መለካት ደግሞ ነገሩን ይቋጫል። ዜሮ መሆን ሲገባው ጥቂት ቮልት ካሳየ፣ ከፊቱ ያለው ማገናኛ ካፓሲተር ያፈስሳል። በርካሽ ዕቃ የሚድን ጥፋት ውድ ቲዩብ ሊያቃጥል ነበር።

እኔ ይህን ሥራ የምወደው ለማያውቀው ሰው ስለሚያስብ ነው። ሠሪው፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ እጅ እንደሚከፍተው አስቦ ለዚያ እጅ ቦታ ትቷል፤ መለኪያው የሚነካበትን ነጥብ ገላልጧል። ቦንጋ ላይ ኤሌክትሮኒክስ የምትማሩና የምታስተምሩ ወጣቶች፣ አንድ እንዲህ ያለ ሣጥን ከባለሙያ ጋር ሆናችሁ ገጣጥሙ። ስትጨርሱም የየነጥቡን ትክክለኛ ቮልት በወረቀት ጽፋችሁ ክዳኑ ውስጥ ለጥፉ።